ለከርሞ የት እንውጣ? ዘጠኝ ቀን በአልፕስ ተራሮች

ለከርሞ ጃንዋሪ ቤተሰባችን አንድ ሳምንት በረዶ ላይ ሊያሳልፍ ወስኗል። እናታችን ጉልበቷን ስለሚያማት አትንሸራተትም፤ ግን ተራራ ማየትና በእግር ወክ ማድረግ ነፍሷ ነው። ታላቅ እህቴ በረዶ ላይ የሚያንሸራትተውን ረጅም ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ ስኪን፣ እግሯ ላይ አድርጋ አታውቅም። ልጇ ሚጡ ሰባት ዓመቷ ነው። ታናሽ ወንድሜ ቁልቁለቱ ካላስፈራው ደስ አይለውም። እኔ መሃል ላይ ነኝ፤ የመንሸራተቻ መስመር እንደ ክብደቱ ቀለም አለው፤ ቀለል ያለውን ሰማያዊ ተረጋግቼ እወርዳለሁ፣ ከበድ ያለውን ቀይ እየተጠነቀቅኩ።

ማስታወቂያ ላይ ሁሉም ሪዞርት ምርጥ ነው። ስለዚህ እናታችን ቀረችና አራታችን ቀድመን ሄደን በዓይናችን ለማየት ተነሳን። ዘጠኝ ቀን፣ አራት ቦታ። በየማታው የጻፍኩትን ነው ያስቀመጥኩት።

ቀን 1፦ ከጄኔቫ ወደ ቫል ቶራንስ

ጄኔቫ አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ተከራየን። ከመውጣታችን በፊት ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አራቱንም ጎማዎች አንድ በአንድ አያቸው። የሚፈልገው ጎማው ጎን ላይ የሚታተመውን ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና መሃሉ ላይ ያለችውን የበረዶ ቅንጣት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 በአብዛኛው ተራራማ አካባቢ የበረዶ ጎማ ወይም ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው። ምልክቱ አለ። ሄድን።

ፈረንሳይ ውስጥ ያለው ቫል ቶራንስ 2,300 ሜትር ላይ ነው፤ በአውሮፓ ከፍተኛው የስኪ ሪዞርት ነው። መጀመሪያ የመረጥነውም በዚህ ምክንያት ነው። ከፍ ባልን ቁጥር በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ታች ሸለቆው ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ እላይ በረዶ ነው የሚወርደው። ከወራት በፊት ቦታ ለሚይዝ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ገንዘብ ከፍለህ፣ ፈቃድ ወስደህ፣ ደርሰህ ሣርና ጭቃ ብታገኝስ?

ከፍታው ግን ማታ ዋጋውን አስከፈለን። እህቴን ራስ ምታት ያዛት። ሚጡም እንቅልፍ እምቢ አላት፣ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ከባድ ሕመም አይደለም፤ ከዝቅተኛ ቦታ በአንድ ቀን 2,300 ሜትር ወጥቶ የሚተኛ ሰው ሊያጋጥመው ይችላል። ውኃ በብዛት ጠጣን፣ ቀስ አልን። ማስታወሻ ያዝኩ፦ እናታችን እዚህ ከመጣች የመጀመሪያው ቀን ዕረፍት ነው።

ቀን 2፦ ቦት ጫማውና ምንጣፉ

ጠዋት ኪራይ ቤት ገባን። የስኪ ቦት ጫማ አድርጎ ለማያውቅ ሰው ስለዚህ ጫማ መጻፍ አለብኝ፣ ምክንያቱም የሰው ሙሉ ሳምንት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። እህቴ እግሯ እንዳይበርዳት ሁለት ካልሲ ደርባለች፤ ከሥር የለበሰችውን ቀጭን ሱሪም ጫፉን ጫማው ውስጥ ከታዋለች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ "ቅልጥሜ ሊሰበር ነው" አለች። የቤቱ ሠራተኛ ጫማውን ፈታው፣ ሱሪዋን ወደ ላይ ሰበሰበው፣ ሁለቱንም ካልሲ አስወለቀና አንድ ረጅም ቀጭን ካልሲ ሰጣት። ቅልጥሟ ላይ የካልሲው እጥፋት የቀበረው ቀይ መስመር ይታይ ነበር። ያ እጥፋት ነው ያማት። ደግሞ ወፍራም ካልሲ አያሞቅም፤ እግርን አጨናንቆ ደም እንዳይዘዋወር ስለሚያደርግ ጭራሽ ያበርዳል። ከዚያ ጫማው ልክ ሆነ። ተረከዟ አይነሳም፣ ጣቶቿ የጫማውን ጫፍ ነካ ያደርጋሉ፣ ጉልበቷን አጠፍ ስታደርግ ጣቶቿ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ልኩ ይሄ ነው።

ቀጥሎ ክብደቷን፣ ቁመቷን፣ ዕድሜዋንና ችሎታዋን ጠየቋት። ስትወድቅ ጫማውን ከስኪው የሚያላቅቀው ማሰሪያ የሚስተካከለው በዚህ ነው። አፍራችሁ ክብደት አትቀንሱ፣ ጎበዝ ነኝም አትበሉ፤ ማሰሪያው በሰዓቱ ካልለቀቀ የሚጠመዘዘው ጉልበት ነው።

የጀማሪዎቹ ቦታ መንደሩ መሃል ነው። ይሄን ወደድኩት። በረዶው ላይ የተዘረጋ ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ አለ፤ ቆመህ ብቻ ወደ ላይ ይወስድሃል። ሚጡ ከአስተማሪዋ ጋር የስኪውን አፍንጫ ገጥማ፣ ጭራውን ከፍታ፣ ፍጥነቷን እየገታች ስትወርድ እናቷ ደግሞ ጎን ላይ ራሷ እየተማረች ታያታለች። ሲደክማቸው ክፍላችን ሦስት ደቂቃ መንገድ ነው።

እኔና ወንድሜ ላይ ላዩን ዞርን። ቫል ቶራንስ ከጎረቤቶቹ ከሜሪቤልና ከኩርሼቬል ጋር በሊፍት (ሰውን ተራራ ላይ በሚያወጣ የገመድ ማጓጓዣ) ተያይዞ ሦስቱ ሸለቆዎች የሚባለውን 600 ኪሎ ሜትር መስመር ያለው አካባቢ ይሠራል። ቁጥሩ ያስጎመጃል። እኛ ቀኑን ሙሉ ነድተን ስንት እንደሸፈንን ስልኬ ላይ አየሁ፤ 31 ኪሎ ሜትር። እህቴ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የምትጠቀመው ያችን አንዲት ምንጣፍና አንድ ሁለት አረንጓዴ፣ ማለትም ከሁሉም ቀላል የሆነ፣ መስመር ነው። ከዚህ ቀን በኋላ ኪሎ ሜትር መቁጠር ትቻለሁ።

ቀን 3፦ ነጩ ጨለማ

ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት ውጪው የለም። ደመናው መንደሩ ላይ ተቀምጧል። ወንድሜ "ትንሽ ወጣ ስንል ይገልጥልናል" አለኝ፣ ወጣን።

አልገለጠም። ከወንበር ሊፍቱ ወርደን ጥቂት እንደሄድን ሰማዩም መሬቱም አንድ ዓይነት ነጭ ሆኑብኝ። ቁልቁለቱ የት እንደሚጀምር አይታይም። ጉብታውን የማውቀው ጉልበቴ ሲመታኝ ነው። አንድ ቦታ ላይ የቆምኩ መስሎኝ ተረጋግቼ ጓንቴን ላስተካክል ስል በጎኔ ወደቅሁ፤ ለካ እየተንሸራተትኩ ነበር። ዓይን የሚይዘው ነገር ሲያጣ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ስሜት ብቻውን አይበቃም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዛፍ ናፍቆኝ አያውቅም።

የከፍታው ሌላኛ ገጽታ ይሄ ነው። ዛፍ እዚህ አይበቅልም። ዛፍ ባለበት ቦታ ደመና ቢወርድ እንኳ ጥቁሩ ግንድ ለዓይን መመሪያ ይሆናል፣ ነፋሱንም ይሰብራል። እዚህ ያለው ነጭ በነጭ ነው።

ያወጣን የመስመሩ ዳር እንጨት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በየመስመሩ ዳርና ዳር የተተከሉ ቁጥር ያላቸው እንጨቶች አሉ። ወደ ታች ስትወርድ በቀኝህ በኩል ያሉት ጫፋቸው ብርቱካናማ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ወደ ታች በወረድክ መጠን ያንሳል። ወንድሜ ፊት ሆኖ አንዱን እንጨት ይዞ ይቆማል፣ "ነይ!" ይለኛል፣ ወደ ድምፁ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። አሥራ አራት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሁለት። ቁጥር አንድ ላይ ስንደርስ ተቃቀፍን።

ዛፍ ወዳለበት ወደ ሜሪቤል መሻገሪያው ደግሞ በነፋስ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። እህቴና ሚጡ ትምህርታቸው ተሰርዞ ክፍል ውስጥ ዋሉ። ሦስት ቀን ይዘህ አንዱ እንዲህ ከሆነ ምንም አይደለም፤ ስድስት ቀን ይዘህ ሦስቱ ቢሆንብህ ግን ያንገበግባል።

ቀን 4፦ ሻሞኒ

በአልበርቪል በኩል ዞረን ሻሞኒ ገባን። በ1924 የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደበት ከተማ ነው። ከበላዩ ሞን ብላን የሚባለው ተራራ ቆሟል፣ ከ4,800 ሜትር በላይ። በ1955 የተከፈተው የኤጉይ ዱ ሚዲ ኬብል ካር እስከ 3,842 ሜትር ይወስዳል፤ ከዚያ የሚነሳው ቫሌ ብላንሽ የተባለው ቁልቁለት 20 ኪሎ ሜትር ያህል በግግር በረዶ ላይ ይወርዳል። የተስተካከለ መስመር አይደለም። ስንጥቆች አሉት፣ በመሪ ነው የሚኬደው። ወንድሜ ቀና ብሎ አይቶ አይቶ አልጠግብ አለ።

ለእኛ ግን እንደማይሆን በአንድ ከሰዓት ገባኝ። መንሸራተቻዎቹ ሸለቆው ውስጥ ተበታትነዋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በአውቶቡስ ነው። ከተማው 1,035 ሜትር ላይ ስለሆነ እኛ ስንደርስ ዝናብ ይዘንብ ነበር፣ እላይ በረዶ። አንዲት ልጅ፣ አንዲት ጀማሪና ጉልበቷን የሚያማት እናት ይዤ በየጠዋቱ ስኪ ተሸክሜ አውቶቡስ ስጠብቅ ታየኝ። ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ይምጣበት። አንድ ሌሊት አድረን ወጣን።

ቀን 5፦ ዘርማት

ስዊዘርላንድ ውስጥ ያለው ዘርማት በነዳጅ መኪና አይገባም። ቴሽ የሚባል መንደር መኪናውን አቁመን ሻንጣችንን በጋሪ እየገፋን ባቡር ተሳፈርን። 12 ደቂቃ ነው። ከጣቢያው ስንወጣ መጀመሪያ የተሰማን ዝምታው ነው። ድምፅ የሌላቸው ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ብቻ ይመላለሳሉ፤ ሚጡን ግን በዝምታቸው ምክንያት እጇን ያዝኳት፣ ከኋላ ሲመጡ አይሰሙም።

ማተርሆርን የሚባለውን ተራራ ያየነው መታጠፊያው ላይ ድንገት ነው። 4,478 ሜትር። ብቻውን፣ ከሌሎቹ ተነጥሎ፣ አንገቱን ዘወር ያደረገ ይመስላል። እህቴ ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ዝም ብላ ቆመች። "እማዬ ይሄን ሳታይ ከቀረች ይቆጨኛል" አለችኝ። ተራራው መጀመሪያ የተወጣው ጁላይ 14 ቀን 1865 ነው። ሰባት ሰዎች ጫፉን ረገጡ፤ ሲወርዱ ገመድ ተበጥሶ አራቱ ሞቱ። የተበጠሰው ገመድ ዛሬም መንደሩ ሙዚየም ውስጥ አለ። ሚጡ ገመዱን አይታ "ይሄን ያህል ቀጭን?" አለች። እኛም ሌላ የምንለው አልነበረንም።

ቀን 6፦ "ከሊፍቱ 200 ሜትር"

ያረፍንበት ቤት ማስታወቂያው ላይ "ከሊፍቱ 200 ሜትር" ይላል። ውሸት አይደለም። ግን መቶው ሜትር ደረጃ ነው፣ ደረጃው ደግሞ በረዶ ጋግሯል። በስኪ ቦት ጫማ፣ በአንድ ትከሻ የራሴን፣ በሌላኛው የሚጡን ስኪ ተሸክሜ ስወርድ ሰውነቴ በላብ ተነከረ። እህቴ የብረቱን ድጋፍ ይዛ በጎን በጎን ወረደች። ቦታ ስትይዙ ርቀቱን ብቻ አትጠይቁ፤ ዳገት ነው ወይ፣ ደረጃ አለው ወይ፣ የስኪ ማስቀመጫ ሊፍቱ ሥር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በማግስቱ ስኪውን ታች ማስቀመጥ እንደሚቻል ሰማን፤ የሚያሳዝነው ያን ቀን መሄጃችን መሆኑ ነው።

እላይ ስንደርስ ግን ድካሙ ተረሳ። በተራራው ሆድ ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ የሚወጣ ባቡር ሱኔጋ የሚባል ቦታ ያደርሳል፣ 2,288 ሜትር። የልጆችና የጀማሪዎች ቦታው እዚያ ነው። ፀሐይ አለ፣ ፊት ለፊት ማተርሆርን አለ። እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትወድቅ ከላይ እስከ ታች ወረደች። ስትቆም ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ከዚያ ዞር ብላ ማን እንዳያት ፈለገች። እኔ አይቻታለሁ።

ለእናታችን የጎርነርግራት ባቡር አለ። ከ1898 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሐዲዱን በጥርስ እየያዘ የሚወጣ ባቡር ነው፤ ከመንደሩ ተነስቶ 3,089 ሜትር ያወጣል። ስኪ ሳትነካ ወንበር ላይ ተቀምጣ ግግር በረዶውን ማየት ትችላለች።

ወንድሜ በከፍታው በኩል ተሻግሮ ጣልያን፣ ቼርቪኒያ ገባ። እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር አለ። ጣልያን ውስጥ ከ2022 ጀምሮ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንስ ሳይኖር መንሸራተት አይፈቀድም። ሁለተኛ፣ ነፋስ ከተነሳና መሻገሪያው ከተዘጋ እዚያው ትቀራለህ፤ በመኪና ዞሮ መመለስ የሰዓታት መንገድ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ነፋሱ ሲጀምር ደወልኩለት፣ እሱ ቀድሞ ተመልሷል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ላይኛው ሊፍት ቆመ።

ቀን 7፦ ባቡር ላይ የተጫነ መኪና

የመንገድ ቀን ነው። ኦበርቫልድ የሚባል መንደር ላይ መኪናችንን ከነ ራሳችን ባቡር ላይ ጫንነው። ክረምት ላይ የፉርካ መተላለፊያ በበረዶ ስለሚዘጋ በ1982 የተከፈተው 15.4 ኪሎ ሜትር ዋሻ ነው የሚያሻግረው። ሞተር ይጠፋል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ከዚያ ጨለማ ውስጥ መኪና ውስጥ ተቀምጠህ ትንቀጠቀጣለህ። ሚጡ ከጉዞው ሁሉ የወደደችው ይሄን ነው፤ "ድጋሚ እንሂድ" ብላ አስቸገረችን።

በዙሪክ በኩል አልፈን ኦስትሪያ ስንገባ መሽቷል። ወደ መጨረሻው ቦታችን ወደ ሌክ የሚያወጣው የፍሌክሰን መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ የበረዶ ናዳ እንዳይመታው በብዙ ቦታ ጣሪያ ተሠርቶለታል። በረዶ እየወረደ ነበር። ወንድሜ ሲነዳ ማንም አላወራም።

ቀን 8፦ ሌክ

ሌክ 1,444 ሜትር ላይ ነው፤ ከቫል ቶራንስ ወደ 850 ሜትር ዝቅ ይላል። በከፍታ ሒሳብ ብቻ ከሄድን በረዶው ማነስ ነበረበት። ግን ሌክ ያለበት የአርልበርግ ተራሮች ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣውን እርጥብ አየር ፊት ለፊት ስለሚቀበሉ ከአልፕስ ብዙ በረዶ ከሚወርድባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጠዋት ስንነሳ የመኪናችን ጎማ አይታይም። ከፍታን ብቻ አይቶ መምረጥ እንደማያዋጣ ያመንኩት አካፋ ይዤ መኪናውን ስፈልግ ነው።

ከሌክ በላይ ኦበርሌክ አለ። ክረምት ላይ መኪና አይገባበትም፤ መኪናህን ታች ትተህ በኬብል ካር ትወጣለህ፣ ሻንጣህ ከመሬት በታች በተሠራ ዋሻ ውስጥ ለውስጥ ሆቴልህ ድረስ ይደርሳል። ከበሩ ስትወጣ በረዶው ላይ ነህ። ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ሰማያዊ መስመሮች። ፈረንሳይ ያለው አረንጓዴ ምልክት ኦስትሪያ ውስጥ የለም፤ ሰማያዊው ነው ቀላሉ፣ ስለዚህ ካርታ ላይ ቀለም ብቻ አይታችሁ አገር ከአገር አታወዳድሩ። ሚጡ ሌሊት በወረደው ለስላሳ በረዶ ውስጥ ወደቀች፣ ተነሳች፣ ሆን ብላ ደግማ ወደቀች። እህቴ ወንበር ሊፍት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች። የሊፍቱ ሠራተኛ ፍጥነቱን ቀንሶ አወረዳት።

እኔና ወንድሜ ነጩን ቀለበት ዞርን፤ በሌክና በአጎራባቾቹ በዙርስና በዙግ መንደሮች በኩል አድርጎ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር 22 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ለወንድሜ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ወደ ሳንክት አንቶን በሊፍት መሻገር ይቻላል፤ እዚያ ያለው ቁልቁለት ይበቃዋል። ያን ቀን ግን የናዳ ማስጠንቀቂያው ከ5 ደረጃ 3 ላይ ነበር። ብዙ ሰው 3 ሲሰማ መሃል ነው ብሎ ይቀልለዋል። መሃል አይደለም፤ ከመስመር ውጪ ለሚወጣ ሰው የአንድ ሰው ክብደት ብቻ ናዳ ሊያስነሳ የሚችልበት ደረጃ ነው። የተቀበረ ሰው ከመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች በኋላ በሕይወት የመውጣት ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ወንድሜ ያን ያልተነካ በረዶ አሻግሮ አየው፣ አየው፣ ከዚያ "እንመለስ" አለ። በዚህች ቃሉ ኮርቻለሁ። ለከርሞ የናዳ መፈለጊያ (የተቀበረ ሰው የት እንዳለ የሚጠቁም መሣሪያ)፣ አካፋና መሪ ይዞ ይወጣል፣ ተስማምተናል።

ከሰዓት ብቻዬን ከሌክ ወደ ዙግ የሚወስደውን የእግር መንገድ ሄድኩ፤ ለእናታችን ብዬ። ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል፣ በረዶው ተጠርጎ ተደልድሏል፣ ዛፍ አለ፣ ማረፊያ ወንበር አለ። ጉልበት የሚፈታተን ዳገት አላገኘሁም።

ቀን 9፦ ውሳኔው

ጠዋት አልጋ ላይ ተሰብስበን ተነጋገርን። ወንድሜ ዘርማት አለ። እኔም ልቤ እዚያ ነው፣ ማተርሆርን ከዓይኔ አልጠፋም። ግን በየጠዋቱ ያለውን ጉዞ አስታወስኩ። ቫል ቶራንስን ኤፕሪል ላይ ቢሆን ዓይኔን ሳላሽ እመርጠው ነበር፤ ያኔ ዝቅ ያሉት ቦታዎች ሲቀልጡ እሱ ይቆያል። ለጃንዋሪ ግን ያ ነጭ ጨለማ አሳስቦኛል። ሚጡ ኦበርሌክ ብላ ጨረሰች። ለምን ስንላት "ምክንያቱም ብቻዬን በር ከፍቼ መውጣት እችላለሁ" አለች።

ለእናታችን ደወልን። ስለ ሊፍቱም ስለ ኪሎ ሜትሩም ነገርናት። ሁሉንም ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ "መንገዱ ያንሸራትታል?" ስለ ዙግ መንገድ ነገርኳት። ጫማዋ ሥር የሚታሰር ጥርስ እንደምንገዛላትም ነገርኳት። "እንግዲያው እሺ" አለች።

ቀኑን ጃንዋሪ አጋማሽ አደረግነው። የገናና የአዲስ ዓመት ሰሞን ይጨናነቃል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ስለሚዘጉ ሊፍት ሥር ሰልፍ ነው። ከመሄዳችን በፊት የሚጡን የትምህርት ቦታ ጠየቅን፣ ስሟን አስመዘገብን። እህቴ ሻንጣዋን ዘግታ ስታበቃ መልሳ ከፈተችው፤ ያችን ቀጭን ካልሲ ከልብሶቹ መሃል አውጥታ እንዳትጠፋ ፓስፖርቷ ያለበት ኪስ ውስጥ አደረገቻት።